ወንፊቱን ያለፈ ስልክ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኞችና የሬዲዮ ሰዓታቸው

ሰኞ ማታ ነው፤ ኦክቶበር 30፣ 2023። (እዚህ ያለው ቀን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ዳቦ ስዊኒ ሳምንታዊ የሬዲዮ ፕሮግራሙ ላይ ሆኖ የአድማጭ ስልክ ይቀበላል። ከሁለት ቀን በፊት ቡድኑ በኖርዝ ካሮላይና ስቴት 24 ለ 17 ተረትቷል። ስምንት ተጫውቶ አራቱን አሸንፏል፣ አራቱን ተሸንፏል። ሌላ ቦታ ቢሆን "ይሁን፣ ይለፍ" የሚባል ውጤት ነው። ክሌምሰን ላይ ግን ለቅሶ ቤት ነው።

ስሙ ዳቦ ነው፣ አዎ። ልክ እንደምንበላው። ትንሽ ልጅ የነበረው ወንድሙ በእንግሊዝኛ "ያ ልጅ" ለማለት ሲሞክር ምላሱ አልፈታ ብሎት የወጣ ስም ነው። በዚያው ቀረ።

መስመር ላይ የገባው ደዋይ ከስፓርታንበርግ ነው፤ ከክሌምሰን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ። ጥያቄውን ረዘም አድርጎ አቀረበ። ፍሬ ነገሩ ግን አጭር ነበር፦ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ እየተከፈልዎት አራት ለአራት የሆንነው ለምንድን ነው?

ስዊኒ ለአምስት ደቂቃ ያህል ተናገረ። የችግሩ አካል አንተ ነህ አለው። ባለፈው ዓመት 11 ጨዋታ አሸንፈናል። 12 ዓመት በተከታታይ፣ በየዓመቱ 10 እና ከዚያ በላይ አሸንፈናል። ክሌምሰን ለ35 ዓመት የአገር ሻምፒዮንነትን ሽታ እንኳ አያውቅም ነበር፤ እኛ በሰባት ዓመት ሁለት አመጣን። ሥራውን ስጀምር ከሁሉም ያነሰ ደመወዝ የምበላው እኔ ነበርኩ፤ እዚህ የደረስኩት በየቀኑ ለፍቼ ነው፤ አንድ አፈ ጮሌ ልጅ ስልክ አንስቶ እንዲህ ሲያወራብኝ ዝም አልልም። አለቆቼ ቦርዱና ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ ከሰለቸኋቸው ይንገሩኝ፣ የሚያመሰግነኝ ቦታ እሄዳለሁ። ሐሳብህን መስጠት መብትህ ነው፤ ከፈለግህም ለሥራው አመልክት፣ መልካም ዕድል።

ይህ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ደዋዩ "እርስዎ" ብሎ ይጀምራል፣ አሰልጣኙ "አንተ" ብሎ ይመልሳል፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ አዘጋጁ "እሺ፣ ለአጭር ማስታወቂያ እንሂድ" ይላል። እዚያ ግን ሰውየው እስኪወጣለት ተናገረ። በማግስቱ ቅጂው አሜሪካን አዳረሰ።

ይህን ቅጂ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቁጣው ማርኮኝ አይደለም። የሚገርመኝ ስልኩ እንዴት እንደገባ ነው። ያ ፕሮግራም እኮ እንዲህ ዓይነት ነገር እንዳይሰማበት ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ፉትቦል የምለው ኳሱ እንደ እንቁላል የሾለውን፣ ተጫዋቹ የራስ ቁር አድርጎ የሚላተምበትን ነው። በአሜሪካ፣ በተለይ በደቡቡ፣ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ማለት የሰፈር፣ የቤተሰብ፣ አንዳንዴም የሃይማኖት ያህል ነገር ነው። ክሌምሰን ከተማ ነዋሪዋ 20 ሺህ አይሞላም። ስታዲየሟ ግን ከ80 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ትልቁን ደመወዝ የሚበላው አገረ ገዢው አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲ ሐኪሙም አይደለም። አሰልጣኝ ነው። ስዊኒ በ2022 የፈረመው ውል የ10 ዓመት፣ የ115 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ጨዋታው ቅዳሜ ነው። ከእሑድ እስከ ዓርብ ሰው ምን ያድርግ? ያወራል። በየሳምንቱ አንድ ምሽት የሚተላለፈው "የአሰልጣኙ ሰዓት" የተፈጠረው ለዚህ ወሬ ነው። ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ሬስቶራንት ውስጥ ነው። የዶሮ ክንፍ የሚበላ ደጋፊ፣ የቡድኑን ቀለም የለበሰ ሕፃን፣ መሃል ላይ ማይክሮፎንና አሰልጣኝ። ከአትላንታ ወደ ሻርሎት በኢንተርስቴት 85 የጭነት መኪና ይዞ የሚመላለስ ሐበሻ ሬዲዮውን ሲነካካ ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ክሌምሰንም ስፓርታንበርግም እዚያው መንገድ ዳር ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ይህን ፕሮግራም ጣቢያው በራሱ ተነሳሽነት የሚያዘጋጀው እንዳይመስላችሁ። ዩኒቨርሲቲው የስርጭት መብቱን ለአንድ ኩባንያ ይሸጣል፤ ኩባንያው ደግሞ ማስታወቂያ ይሰበስብበታል። አዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑን ጨዋታ በቀጥታ የሚያስተላልፈው ሰው ራሱ ነው። እንጀራው እዚያው ነው። የአሰልጣኙም ውል ቢከፈት መሠረታዊ ደመወዙ ትንሽ ሆኖ፣ ትልቁ ገንዘብ "ለሚዲያና ለማስተዋወቅ ሥራ" በሚል ስም የተቀመጠበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ማይክሮፎኑ ፊት የሚቀመጠው ተጠያቂ ለመሆን አይደለም። ዕቃ ለመሸጥ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የአላባማው ቤር ብራያንት ከ1958 እስከ 1982 ሲያሰለጥን እሑድ እሑድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበረው። ጠረጴዛው ላይ ኮካ ኮላና ጎልደን ፍሌክ የሚባለው የአገሩ የድንች ጥብስ ከረጢት ይቀመጡ ነበር። ብራያንት በዚያ ጎርናና ድምፁ የትናንቱን ጨዋታ እየተረከ የልጆቹን እናትና አባት በስም እየጠራ ያመሰግናል። አላባማ ቁጭ ብሎ ያያል። ድንች ጥብሱም ይሸጣል። ብራያንት ከድንች ጥብስ ከረጢት ከባድ ጥያቄ አልጠበቀም፤ ከረጢቱም አልጠየቀውም።

የስልኩ ነገር ሲመጣ ወንፊት አስፈለገ። ደዋዩ መጀመሪያ የሚያገኘው አሰልጣኙን ሳይሆን ስልክ የሚቀበለውን ልጅ ነው። ስምህ ማን ነው? ከየት ነው? ምን ልትጠይቅ ነው? "አሰልጣኝ፣ የልጅ ልጄ ይወድዎታል፤ ቅዳሜ ወጣቱን ሯጭ እናየው ይሆን?" ያለ ያልፋል። "መቼ ነው የሚለቁት?" ያለ መስመሩ ይቋረጥበታል። ለዚህ ነው ከእነዚህ ሰዓቶች ከመቶው ዘጠና ዘጠኙን ማንም የማያስታውሳቸው። የሚታወሰው ወንፊቱ የተቀደደ ዕለት ነው።

ወንፊት የሌለውም ሬዲዮ አለ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። በርሚንግሃም አላባማ ውስጥ የጋዜጣ አምደኛ የነበረው ፖል ፋይንባም ዓመታት የፈጀ የስልክ ፕሮግራም ገነባ፤ ከ2014 ጀምሮ በስፖርት ጣቢያው በኢኤስፒኤን ስር በቴሌቪዥንም ይታያል። ዩኒቨርሲቲ የለበትም፣ ስለዚህ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን ያወጣል። አንዳንዴ ከሚገባው በላይ። ጃንዋሪ 27፣ 2011 አንድ የአላባማ ደጋፊ ከዴድቪል "አል ነኝ" ብሎ ደወለ። የተቀናቃኙ የኦበርን ደጋፊዎች ድል ሲገኝ የሚሰበሰቡባቸውን፣ ዕድሜያቸው 130 ዓመት ገደማ የተገመተ ሁለት የኦክ ዛፎች በአረም መርዝ መርዣቸዋለሁ አለ። ፋይንባም ሞቱ ወይ ብሎ ጠየቀው። ገና ናቸው፣ ግን ይሞታሉ አለ። ዛፍ መመረዝ በሕግ አያስጠይቅም ወይ? ሰውየው ግድ ያለኝ ይመስልሃል ወይ ብሎ የአላባማን መፈክር ጮኾ ስልኩን ዘጋ። ቀልድ መስሎ ነበር። አፈሩ ሲመረመር እውነት ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ታሰረ፣ ዛፎቹም በ2013 ተነቀሉ።

ይህን ያነሳሁት አሰልጣኞች የስልክ መስመር ለምን እንደሚፈሩ ለማሳየት ነው። ከማዶ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የሚወድህ ይሁን የሚጠላህ አታውቅም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

አሁን ለየት ወዳለው ሰው ልምጣ፤ እሱን ሳነሳ ቁጣው ሁሉ ይረሳኛል። ማይክ ሊች። የኮሌጅ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ሕግ ነው የተማረው። ከ2000 እስከ 2009 ቴክሳስ ቴክን፣ ከዚያ ዋሽንግተን ስቴትን፣ መጨረሻ ላይ ሚሲሲፒ ስቴትን አሰለጠነ፤ በዲሴምበር 2022 በ61 ዓመቱ አረፈ። ቴክሳስ ቴክ ካባረረው በኋላ ሥራ ፈትቶ ኪ ዌስት ደሴት ሲኖር በሲሪየስ ኤክስኤም ሬዲዮ ራሱ አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። ማይክሮፎኑን ከሁለቱም በኩል ያውቀዋል ማለት ነው።

ሊች ስለ ኳስ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር። ስለ ሌላ ነገር ሲጠየቅ ግን አያቆምም። ስለ ባሕር ላይ ወንበዴዎች ጠይቁት፤ ስለ አፓቼው መሪ ጀሮኒሞ ጠይቁት፣ መጽሐፍ ጽፎበታል። ስለ ሠርግ ዝግጅት ጠይቁት፤ ሙሽራው ከሴቶቹ መንገድ ገለል ቢል ይሻለዋል ብሎ በቁም ነገር ይመክራል። በሃሎዊን ስለምትበላው የበቆሎ ፍሬ ስለምትመስል ከረሜላ ጠይቁት፤ እንዴት እንደሚጠላት ያስረዳችኋል። አንድ ጊዜ የሊጉ ቡድኖች መለያ እንስሳት እርስ በርስ ቢዋጉ ማን ያሸንፋል ተብሎ ተጠየቀ። ድቡ ምን ያደርጋል፣ ባለ ሰይፉ ሰውዬ ምን ዕድል አለው፣ እያለ አንድ በአንድ ተነተነው። የጨዋታ ዕቅድ የሚያወጣ ነበር የሚመስለው።

ሊችን ለማናገር የሚያስፈልገው የተለየ ጥያቄ ብቻ ነበር። የተለመደ ጥያቄ የተለመደ መልስ ያመጣል፤ "ጠንክረን ሠርተናል፣ ተጋጣሚያችንን እናከብራለን" የሚለውን። ጋዜጠኛው ስለ ከረሜላ ሲጠይቅ ግን አሰልጣኙ የተዘጋጀ መልስ የለውም። ሳይወድ በግዱ ሰው ይሆናል። ስዊኒም በዚያ ምሽት የሆነው ይኸው ነው። ደመወዙን በፊቱ የሚጠራበት ሰው ይመጣል ብሎ አልተዘጋጀም።

ሦስተኛ ዓይነት ደግሞ አለ፤ አሰልጣኝ ይቅርታ ሊጠይቅ የሚመጣበት ሬዲዮ። ሰባት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን የሆነው የያኔው የአላባማ አሰልጣኝ ኒክ ሴበን በሜይ 2022 በርሚንግሃም ውስጥ አንድ መድረክ ላይ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ተጫዋቾቹን በሙሉ በገንዘብ ገዝቷል አለ። የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ጂምቦ ፊሸር፣ በአንድ ወቅት የሴበን ምክትል የነበረው፣ በማግስቱ መግለጫ ጠርቶ የአንድ ዘመን አለቃውን አብጠለጠለው። ሴበን ያንኑ ዕለት ወደ ሲሪየስ ኤክስኤም ሄዶ ማንንም በስም መጥራት አልነበረብኝም አለ። በስም መጥራቱን እንጂ ሐሳቡን አልተወም። የሰለጠነ ይቅርታ ማለት እንዲህ ነው። ጨርሶ አይረሳም ማለት ግን አልችልም፤ የሚታወሰው የፊሸር ንዴት ነው።

ወደ ዛሬ እንምጣ። ነገሩ በጣም የተለወጠው በ2021 ነው። ከዚያ ዓመት ጁላይ ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። ደጋፊዎች ተሰባስበው ገንዘብ የሚያዋጡባቸው ማኅበራት በየዩኒቨርሲቲው ተቋቋሙ። በጁን 2025 ደግሞ አንድ የፌዴራል ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ መንገዱ ተከፈተ። የዝውውር መስኮቱም ተከፍቷል፤ ተጫዋቹ ደስ ካላለው ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል።

ይህ ለሬዲዮው ሰዓት ምን ማለት ነው? ድሮ ደዋዩ ደጋፊ ነበር። ቲኬት ይገዛል፣ ኮፍያ ይገዛል፣ ይጨፍራል፣ ያለቅሳል። አሁን "ለተጫዋቾቹ አዋጡ" ይባላል። ያዋጣ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። እንደ ዕድር ነው፤ ወርሃዊውን የከፈለ ሰው ድንኳኑ የት ደረሰ የማለት መብት አለው። ከስፓርታንበርግ የደወለው ልጅ ያወራው የደጋፊ ቋንቋ አይደለም። ሒሳብ ነው ያቀረበው። ስዊኒን ያበሸቀውም ይህ ይመስለኛል። እሱ በድሮው ቋንቋ "ምስጋና የት ሄደ?" ይላል፤ ልጁ በአዲሱ ቋንቋ "ሒሳቡ የት ሄደ?" ይላል። ስዊኒ በድህነት ያደገ ሰው ነው። አላባማ ዩኒቨርሲቲ ሲማር እናቱ ማረፊያ ስላልነበራቸው አብረውት አፓርታማው ውስጥ ይኖሩ ነበር። ገንዘቡን ሲያነሱበት የሚሰማው ነገር ከእኔና ከእናንተ ይለያል። ልጁ ግን ይህን የማወቅ ግዴታ የለበትም።

የዚህን ዘመን ዋጋ በትክክል የከፈለው ግን ማይክ ጋንዲ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ጋንዲ ኦክላሆማ ስቴት ውስጥ ነው የተጫወተው፤ በ2005 እዚያው ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ2007 አንድ የጋዜጣ ጽሑፍ ተጫዋቹን ነካብኝ ብሎ "ወንድ ነኝ! 40 ዓመቴ ነው!" ብሎ የጮኸበት መግለጫ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። በሴፕቴምበር 2025 መጀመሪያ በሳምንታዊ ሬዲዮው ላይ ስለ ቀጣዩ ተጋጣሚው ስለ ኦሪገን አወራ። እኛ በሦስት ዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር አውጥተናል፤ እነሱ ግን አምና ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ያወጡ ይመስለኛል አለ። ቡድኖች ከበጀት እኩያቸው ጋር ቢጋጠሙ የሚል ነገርም ጣል አደረገ።

ልብ በሉ፤ ይህን ያወራው ወዳጅ ቤት ነው። ከባድ ጥያቄ አልተጠየቀም፣ ከስፓርታንበርግ የደወለ የለም። ለራሱ ሰዎች ምሬቱን እየነገረ ነበር። ግን ዛሬ የወዳጅ ቤት የለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቅጂው ኦሪገን ይደርሳል። የኦሪገኑ አሰልጣኝ ዳን ላኒንግ መልስ ሰጠ፦ እኛ ለማሸነፍ እናወጣለን፤ አንዳንዱ ደግሞ ላለማሸነፉ ሰበብ እንዲሆነው ይቆጥባል። ቅዳሜ ኦሪገን 69 ለ 3 አሸነፈ። ስልሳ ዘጠኝ። ጋንዲ ሴፕቴምበር 23 ተባረረ። ለስንብቱ ምክንያት የሆነው ሬዲዮው ብቻ አይደለም፤ የቀደመውም ዓመት ክፉ ነበር፣ በቱልሳም ተሸንፏል። ግን የ20 ዓመት ሥራ መጨረሻ ሲተረክ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ሬዲዮ ነው።

ታዲያ እንዲህ የሚናገሩት ለምን በአብዛኛው አንጋፋዎቹ ሆኑ? ወጣቶቹ አሰልጣኞች በአማካሪ ነው ያደጉት። ምን እንደማይባል ከምን እንደሚባል በፊት ይማራሉ። አንጋፋው ደግሞ ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ካባረሩት የሚከፈለው ካሳ። የጋንዲ 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እንዲህ ያለ ትራስ ላይ የተኛ ሰው ቃላት አይመርጥም። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። የቀድሞው አሰልጣኝ ሉ ሆልትዝ በሴፕቴምበር 2023፣ በ86 ዓመታቸው፣ በፓት ማካፊ የስፖርት ትርዒት ላይ ኦሃዮ ስቴት ጉልበት ካለው ቡድን ጋር አይችልም አሉ። ኦሃዮ ስቴት በማግስቱ የሽማግሌውን የቀድሞ ቡድን ኖትርዳምን በመጨረሻው ሴኮንድ 17 ለ 14 አሸነፈ። አሰልጣኙ ራያን ዴይ ሜዳው ላይ ገና ላቡ ሳይደርቅ "ሉ ሆልትዝ አሁን የት እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ" ብሎ ጮኸ። የ44 ዓመት ጎልማሳ ከ86 ዓመት አዛውንት ጋር! እኛ ዘንድ ቢሆን ሽማግሌ ይላክበት ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ከዚህ ሁሉ የተማሩት ወንፊቱን ማጥበቅ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም የስልክ መስመሩን ትቶ ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ይቀበላል። ሌላው ወደ ፖድካስት ሄዷል፤ ተቀርጾ፣ ተቆርጦ፣ ታጥቦ የሚወጣ። እኔ ይህን አልወደውም፣ ግን ይገባኛል። በጽሑፍ የመጣን ጥያቄ አዘጋጁ ያለሳልሰዋል። ድምፅ ግን አይለሳለስም። የሚንቀጠቀጥ፣ የተናደደ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስብበት የከረመ ሰው ድምፅ በሬዲዮ ሲመጣ አሰልጣኙ ፊት ለፊት ሰው እንዳለ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነገር ከልቡ ነው፣ ክፉም ይሁን ደግ።

የስፓርታንበርጉ ስልክ በተደወለ በአምስተኛው ቀን ክሌምሰን ኖትርዳምን 31 ለ 23 አሸነፈ። ከዚያም ያንን የውድድር ዘመን አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ አምስት ተከታታይ ድል፣ በድምሩ ዘጠኝ ለአራት። ደጋፊዎች ለደዋዩ ሐውልት ይቁምለት እያሉ ቀለዱ። በ2024 ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በ2025 ደግሞ አራተኛ ደረጃ ተሰጥቶት ጀምሮ የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳው በኤልኤስዩ (በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ተሸነፈ፤ ጥያቄውም ተመልሶ መጣ።

እኔን ግን የሚያስቀኝ ስዊኒ ኖትርዳምን ባሸነፈ ዕለት የተናገረው ነው። ደጋፊ እንደ ባለሀብት ገንዘቡን ይዞ ሲጠይቀው በስልክ ያንን ሁሉ ያወረደበት ሰው፣ ቅዳሜ ማይክሮፎኑን ሲያገኝ እንዲህ አለ፦ ክሌምሰን አክሲዮን ቢሆን፣ አሁኑኑ የቻላችሁትን ያህል ግዙ።